ከደጅ ጥናት እስከ ቃለ መጠይቅ፤ ሥራ ፈላጊ እንዴት ሲዘጋጅ ኖረ?

ባለፈው ዓመት ከሠልጣኞቻችን አንዱ ለመምህርነት ሥራ ተወዳድሮ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ልጁ በክፍል ውስጥ በትጋታቸው ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፤ የትምህርት ዕቅድ አወጣጡ ንጹሕ፣ የልምምድ ማስተማሩም የተመሰገነ ነበር። በተቀጠረበት ቀን ሸሚዙን ተኩሶ፣ ማስረጃዎቹን በፖስታ አድርጎ ሄደ። ሦስት ጠያቂዎች ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠው «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» አሉት። ስሙንና የተመረቀበትን የትምህርት ዓይነት ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ ዝም አለ። ሌሎች ጥያቄዎችም ተከተሉ፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አላለፈም። ሳይመረጥ ቀረ።

ወደ እኛ ተመልሶ በመጣ ጊዜ «ለምን አልተናገርክም? የጠየቁህ የምታውቀውን አይደለም ወይ?» አልነው። እርሱም «መምህር፣ የጠየቁኝን ዐውቀው ነበር፤ ነገር ግን በታላላቆች ፊት ስለ ራሴ መመስከር ነውር ሆኖ ታየኝ» ሲል መለሰልን።

ይህን መልስ መላልሰን ባሰብነው ቁጥር ጥፋቱ የልጁ ብቻ አለመሆኑ እየታየን መጣ። በሥልጠናው ዘመን ሁሉ ጥያቄ ጠይቀነው ሲመልስ «ጎበዝ፣ ተቀመጥ» ከማለት በቀር «እንዴት ደረስክበት? ምን አድርገህ ነው?» ብለን አላስቆምነውም። ስለዚህ ሥራ ፈላጊ በጠያቂ ፊት ለመቆም በየዘመኑ እንዴት ሲዘጋጅ እንደኖረ መመርመር ለእኛ ለመምህራን ተራ የማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምናደርገው ይህንኑ ነው። (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ደጅ ጥናት

በአገራችን ሹመት፣ ጉልት ወይም ፍርድ የሚፈልግ ሰው በንጉሥ ወይም በመኳንንት ደጅ እየተመላለሰ፣ ጊዜ እየጠበቀ፣ ፊቱን እያስለመደ ይኖር ነበር። ይህም ደጅ ጥናት ይባላል። ደጅ ጠኚው ማመልከቻ አይጽፍም፤ የሚፈተንበትም የተወሰነ ቀን የለውም። ፈተናው መቆሙ ራሱ ነው። ጌታው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድና ሲመለስ እጅ ይነሣል፤ ግብር በሚበላበት ቀን በአዳራሹ ጥግ ይታያል፤ የሚታዘዝ ነገር ቢገኝ ሮጦ ይፈጽማል። «ይህ ሰው ማነው?» ተብሎ እስኪጠየቅ ድረስ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ያልፋሉ።

ታዲያ የደጅ ጠኚ ዝግጅት ምን ነበር? አንደኛ ስንቅ ነው፤ ከአገሩ ርቆ ለሚሰነብት ሰው የሚበላው ያስፈልገዋልና። ሁለተኛ ልብስ፤ በጌታ ፊት በቆሸሸ ኩታ አይቆምምና። ሦስተኛ አማላጅ፤ ይኸውም በውስጥ ሆኖ ስሙን የሚያነሣለት ሰው ነው። አራተኛና ዋነኛው ትዕግሥት ነበር። ጥሪው በመጣ ጊዜ ግን ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም። ያን ጊዜ ጉዳዩን በአጭርና ለዛ ባለው ንግግር ማቅረብ አለበት። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው። አባቶች የታገሠውን ያመሰግኑ እንደነበረ ሁሉ፣ በጊዜው አፉን ያልከፈተውን ደግሞ ይተርቱበት ነበር።

ደጅ ጥናት ዛሬ ሲነሣ ለነቀፋ ብቻ ነው የሚነሣው። እንደ ታሪክ አስተማሪ ግን ሁለቱንም ወገን ማየት ይገባናል። በጎ ጎኑ ሹመት ሰጪው ሰውዬውን ለረጅም ጊዜ የማየት ዕድል ማግኘቱ ነው፤ ሲራብ፣ ሲናደድ፣ ሲታዘዝ ያየዋል። የግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ይህን አያሳይም። ክፉ ጎኑ ደግሞ በደጅ ለመሰንበት የሚችለው ስንቅ ያለው ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ባለ አማላጁ ይቀድማል፤ ብልሃተኛው ድኻ ገና ከበሩ ሳይደርስ ስንቁ ያልቃል። ከዚህም በላይ የሚመዘነው ሥራ ማወቁ ሳይሆን ለጌታው ታማኝ መሆኑ ነበር።

ማስመስከርና መጠየቅ

ሆኖም በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ ሰው በዕውቀቱ የሚመዘንበት ሌላ ደጅ ነበር። እርሱም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። የድጓ ተማሪ በየመምህሩ ዘንድ ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ ጋይንት ውስጥ ወደምትገኘው ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም እንዲሁ በዚያው በጋይንት ወደ ዙር አባ ይሄዳል። በዚያ በሊቁ ፊት የተማረውን እያሰማ፣ እየታረመ ቆይቶ «ዐውቋል» ተብሎ ይመሰከርለታል። ይህ ማስመስከር ይባላል። ቃሉን ልብ እንበል፤ ተማሪው ራሱን አያወድስም፤ ዜማውን ያሰማል፤ ሥራው ይመሰክርለታል።

የቅኔ ቤቱም ልማድ ከዚህ አይርቅም። ተማሪው ቀኑን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። በየቀኑ ከራሱ አእምሮ ያፈለቀውን በሰው ፊት ማቅረብ፣ ሲነቀፍም ሳይሸማቀቅ መልሶ መሥራት ልማዱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ስንወጣም የጥንቱ የፍርድ አደባባይ አለ። ባላጋራዎች ኩታ ለኩታ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ በዚያም «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገታሉ፤ «ተጠየቅ» የተባለ ሁሉ በሕዝብ ፊት መልስ መስጠት ነበረበት። ሕፃናት በዳር ቆመው ይሰሙ ስለነበር የአነጋገርን ሥርዓት የሚማሩት ከዚያው ነው። ጦረኛውም ከዘመቻ ሲመለስ በጌታው ፊት እየፎከረ የሠራውን ይቆጥር ነበር።

እንግዲህ «በታላላቆች ፊት ስለ ራስ መናገር ነውር ነው» የሚለው የሠልጣኛችን አስተሳሰብ የባህላችን ግማሽ እንጂ ሙሉው አይደለም። ባህላችን የሚነቅፈው ባዶ ውዳሴን ነው፤ ሥራን በማስረጃ ማስመስከርን ግን አይነቅፍም። ይህ ልዩነት የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የወረቀት ፈተና ዘመን

ሰውን በዘሩና በአማላጁ ሳይሆን በፈተና የመምረጥን ሥርዓት ከሁሉ አስቀድማ በሰፊው የሠራችበት ቻይና ናት። ከሱይ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ማለትም ከ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1905 ድረስ፣ ሹመት ፈላጊዎች በጽሑፍ ይፈተኑ ነበር። በናንጂንግ ከተማ የነበረው የፈተና ግቢ ከ20,000 በላይ ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ተፈታኙ ምግቡንና መኝታውን ይዞ ገብቶ በዚያች ክፍል ውስጥ ቀንና ሌሊት እየጻፈ ይሰነብታል። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተፈታኙ ስም እንዲሸፈን ተደረገ፤ ይህም አልበቃ ብሎ አራሚው የእጅ ጽሑፉን እንዳይለይ መልሱን ሌሎች ጸሐፊዎች እንዲገለብጡት ታዘዘ። ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት አድልዎን ለመከላከል ይህን ያህል መጠንቀቃቸው ያስደንቃል። ነገር ግን ዝግጅቱ ምን ይመስል ነበር? የጥንት መጻሕፍትን በቃል መያዝ ነበር። ወንዝ መገደብ ወይም ግብር መሰብሰብ ለሚጠብቀው ሹም የሚጠየቀው ስለ ወንዙና ስለ ግብሩ አልነበረም።

እንግሊዝ አገር ይህን መንገድ የያዘችው ዘግይታ ነው። በ1854 ስታፎርድ ኖርዝኮትና ቻርልስ ትሬቭሊያን የተባሉ ሁለት ሰዎች ያቀረቡት ሪፖርት የመንግሥት ሥራ በዘመድና በደጋፊ መሰጠቱን ነቅፎ በውድድር ፈተና እንዲተካ አሳሰበ። በሚቀጥለው ዓመት በ1855 የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመርጥ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1870 ደግሞ ግልጽ ውድድር በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ደንብ ሆነ። በአሜሪካም ነገሩ ደም ጠይቋል። በ1881 ሹመት ጠይቆ ያጣ ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ አቆሰለ፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዓመት ሞቱ። ከዚህ በኋላ በ1883 የመንግሥት ሥራ በፈተና እንዲሰጥ የሚያዝ የፔንድልተን ሕግ ወጣ። የአሜሪካ ደጅ ጠኚዎች ዘመን ማክተም የጀመረው በዚህ ነው ለማለት ይቻላል።

የወረቀት ፈተና ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ነገር ግን ወረቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ ወደ ፈተናው አዳራሽ የሚያደርሰው መንገድ እኩል ላይሆን ይችላል። ለሕንድ አስተዳደር ሠራተኞችን ለመምረጥ ከ1855 ጀምሮ የተሰጠው ፈተና ለማንም ክፍት ነው ቢባልም የሚሰጠው በለንደን ብቻ ነበር። የሕንድ ወጣት ባሕር ተሻግሮ መሄድ ነበረበት። ሳትየንድራናት ታጎር ይህን ፈተና በ1863 በማለፍ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። ፈተናው በሕንድ ምድር መሰጠት የጀመረው ግን በ1922 ነው። ከገጠር ወረዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ለፈተና የሚመጣ ወጣት የሚያወጣውን ገንዘብ ለሚያውቅ መምህር ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

ጠያቂው ሲፈተን

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፋብሪካና የንግድ ድርጅት እየበዛ ሲሄድ ቀጣሪዎች ሥራ ፈላጊውን ፊት ለፊት እያነጋገሩ መምረጥን አዘወተሩ። በዚህ ረገድ ብዙ ያስወራው የፈልሳፊው የቶማስ ኤዲሰን ጥያቄ ነው። ኤዲሰን ሥራ ለሚጠይቁት ወጣቶች ወደ 150 የሚጠጉ ጥያቄዎች ያቀርብ ነበር። ፈረንሳይን የሚያዋስኗት አገሮች የትኞቹ ናቸው? የቮልጋ ወንዝ የት ይገኛል? የሚሉ ይገኙባቸዋል። በ1921 ጥያቄዎቹ በጋዜጣ ወጥተው አገር ጉድ አለ። በዚያው ዓመት አሜሪካን እየጎበኘ የነበረው አልበርት አይንሽታይን «የድምፅ ፍጥነት ስንት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ከመጽሐፍ በቀላሉ የሚገኝን ነገር በአእምሮው እንደማይሸከምና የትምህርትም ዋጋ አእምሮ እንዲያስብ ማልመዱ እንደሆነ መለሰ። ያን ፈተና ቢፈተን ኖሮ ሊወድቅ ይችል ነበር ማለት ነው!

ብዙም ሳይቆይ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ፈተናውን ወደ ጠያቂው አዞሩት። ሃሪ ሆሊንግዎርዝ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ 12 የሽያጭ ሥራ ኃላፊዎች 57 ሥራ ፈላጊዎችን እየተራ አነጋግረው በደረጃ እንዲያስቀምጧቸው የተደረገበትን ጥናት ገለጠ። አንዱ ከላይ ያስቀመጠውን ሰው ሌላው ከታች አስቀምጦት ተገኘ። ስቱዋርት ራይስ ደግሞ በ1929 በኒው ዮርክ ማደሪያ ያጡ 2,000 ድኾችን 12 ሰዎች ተካፍለው ያነጋገሩበትን መዝገብ መረመረ። መጠጥን አጥብቆ የሚቃወም አንዱ ጠያቂ የድህነታቸው ምክንያት መጠጥ ነው ብሎ ጻፈ፤ የሶሻሊስት አስተሳሰብ ያለው ሌላው ደግሞ ምክንያቱ የኢኮኖሚው ሁኔታ ነው አለ። ከሁሉ የሚገርመው ተጠያቂዎቹ ራሳቸው ለየጠያቂው የሰጡት መልስ ወደ ጠያቂው ሐሳብ ያዘነበለ መሆኑ ነው። ያዩት የራሳቸውን ፊት ነበር ቢባል አያሳስትም።

በአገራችን የሆነው

በኢትዮጵያ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ መሥሪያ ቤት የሚባለው ነገር እያደገ መጣ። ዘመናዊ ትምህርት የተማረ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን የተማረው ሥራ አይፈልግም፤ ሥራው ይፈልገው ነበር። በ1950 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፍቶ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በዝተው ተመራቂው ሲበረክት ግን የመምረጫ ደንብ አስፈለገ። በ1961 በወጣው ትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመራ ማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ተቋቋመ። ዓላማውም ቅጥርና ዕድገት በችሎታ እንዲሆን ነበር። ይሁን እንጂ ደጅ ጥናት በትእዛዝ ብቻ አልጠፋም፤ በቢሮው ኮሪደር ላይ ወንበር ተሰጥቶት ቆየ እንጂ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ ተመራቂው በድልድል ይመደብ ነበር። መምህራን ወዴት እንደሚሄዱ ዕጣ የሚያወጡበት ጊዜም ነበር። አንዱ ወለጋ፣ አንዱ ባሌ ይደርሰውና ፍራሹን ጠቅልሎ ይሄዳል። ይህ ሥርዓት ሥራ አጥነትን አስቀርቶ ነበር፤ ርቆ ያለውንም ትምህርት ቤት ያለ መምህር አላስቀረም። ነገር ግን አንድ ነገር አላስተማረም፤ ስለ ሥራ መጠየቅንና መመለስን። እኛን ያስተማሩን አብዛኞቹ መምህራን በዕጣ ወይም በድልድል የተመደቡ ናቸው። በጠያቂ ፊት ተቀምጠው አያውቁም፤ ስለዚህም አላስተማሩንም። እኛም ያልተማርነውን ለሠልጣኞቻችን ሳናስተምር ኖርን። የዚያ ልጅ ዝምታ ሥሩ እስከዚህ ድረስ ይደርሳል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ማስታወቂያ አንብቦ መወዳደር እየተስፋፋ መጣ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ክፍት የሥራ መደብ ከተወዳዳሪዎች ሁሉ በውጤት በበለጠው ሰው እንዲያዝ አዘዘ፤ ውጤታቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ተወላጆች ቅድሚያ እንዲሰጥም ደነገገ። ሕጉ በሩን ከፈተ። በበሩ ገብቶ መናገር ግን የተወዳዳሪው፣ ተወዳዳሪውን ማልመድም የመምህሩ ፈንታ ሆነ።

በአደባባይ የተደረገ ቃለ መጠይቅ

ከጎረቤታችን ከኬንያ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት የዳኞችን ሹመት ከፕሬዚዳንቱ ብቸኛ ፈቃድ አውጥቶ የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽን አስቀድሞ እንዲመርጥ አደረገ። በ2011 ለጠቅላይ ዳኝነት የተወዳደሩ ሰዎች በሕዝብ ፊት ተጠየቁ፤ ጥያቄና መልሱም በቴሌቪዥን ተላለፈ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የነበሩት ዊሊ ሙቱንጋ በጆሯቸው ላይ ስላደረጉት ጉትቻ ሳይቀር ተጠይቀዋል። ለሹመቱ ብለው እንደማያወልቁት በግልጽ መለሱ፤ ተመርጠውም ጠቅላይ ዳኛ ሆኑ። በ2021 እንደገና ውድድር ሲደረግ ማርታ ኩሜ በዚሁ መንገድ ተጠይቀው የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ዳኛ ለመሆን በቁ። የታላላቅ ዳኞች ፈተና እንደ ጥንቱ የእኛ አደባባይ ሕዝብ እየሰማ መካሄዱ ሁለት ጥቅም አለው። ተወዳዳሪው ይታያል፤ ጠያቂውም ይታያል።

ጥናት የደረሰበት

ከሆሊንግዎርዝና ከራይስ ዘመን በኋላ ሊቃውንቱ «ቃለ መጠይቅ የማይረባ ከሆነ ይቅር ወይስ ይታረም?» ብለው ጠየቁ። ጆን ፍላናጋን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ አውሮፕላን አብራሪዎች ከተደረገው ጥናት ተነሥቶ በ1954 አንድ ዘዴ አቀረበ። ይኸውም ስለ ሰውዬው ጠባይ በጅምላ ከመጠየቅ ይልቅ ሥራው የተሳካበትን ወይም የተበላሸበትን አንድ የተወሰነ ድርጊት መጠየቅ ነው። ከ1980 ወዲህ ጌሪ ሌታምና ቶም ጃንዝን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ይህን ወደ ቅጥር አመጡት። «ታታሪ ነህ ወይ?» ማለት ቀረና «ሥራ በዝቶብህ የነበረበትን አንድ ጊዜ ንገረን፤ ምን አደረግህ? ምን ተገኘ?» ማለት መጣ። ለሁሉም እኩል ጥያቄ ይቀርባል፤ ነጥቡም በተወሰነ መለኪያ ይሰጣል።

ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር በ1998 የ85 ዓመት ምርምር ሰብስበው ባሳተሙት ጽሑፍ በዚህ ዓይነት የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ እንደመጣ ከሚደረገው ንግግር ይልቅ የሠራተኛውን ውጤት አስቀድሞ እንደሚያሳይ ገለጡ። በ2022 ፖል ሳኬትና ጓደኞቹ ስሌቱን እንደገና ሲመረምሩትም ከመምረጫ ዘዴዎች መካከል ግንባር ቀደም ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ሐሳባችን እንመለስ። ይህ ብዙ ምርምር የተደረገበት ጥያቄ «ራስህን አወድስ» አይልም፤ «ሥራህን አስመስክር» ይላል እንጂ። የድጓው ተማሪ በቤተልሔም ያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው። ሠልጣኛችን ነውር ነው ብሎ የተወው ነገር በአባቶቹ ዘንድ የተከበረ ሥርዓት ነበር፤ ይህን የነገረው ሰው ብቻ አጣ።

በማሠልጠኛችን የጀመርነው

ከዚያ ወዲህ ለመመረቅ የተቃረቡትን ሠልጣኞች ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰብስበን ማለማመድ ጀምረናል። ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ይበቃል። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ሊሞክሩት ስለሚችሉ አካሄዱን በአጭሩ እንገልጣለን።

በመጀመሪያ የሥራ ማስታወቂያውን በጥንቃቄ እናስነብባለን። እያንዳንዱ ተፈላጊ ችሎታ በደብተር ላይ ይጻፍና ከጎኑ «ይህን መቼ ሠርቼ አውቃለሁ?» የሚል ጥያቄ ይቀመጣል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሦስት እውነተኛ ድርጊቶችን ያዘጋጃል፤ ሁኔታው ምን ነበር፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ውጤቱ ምን ሆነ። በእነዚህ በሦስቱ «ምስክሮች» ላይ ውሸት መጨመር ክልክል ነው። በቃል መሸምደድም አይገባም፤ የተሸመደደ ነገር በአንድ ያልታሰበ ጥያቄ ይፈርሳልና። ያልተሳካ ሥራም ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሰውዬው ምን እንደተማረበት ከተናገረ።

ሦስተኛ፣ ያልታወቀን ነገር «አላውቀውም፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ አገኘዋለሁ» ማለትን እናለማምዳለን። አራተኛ፣ የአቀማመጥና የአክብሮት ጉዳይ አለ። «እርስዎ» እያሉ መናገር፣ ሲጋበዙ መቀመጥ፣ ጠያቂውን በልክ ማየት። ዐይን መስበር የጨዋ ልጅ ምልክት ሆኖ ያደገበት ወጣት ይህን በአንድ ቀን አይለምድም፤ ሴት ሠልጣኞቻችን ደግሞ ከወንዶቹ ይልቅ ዝም በሉ ተብለው ያደጉ ስለሆነ ተራቸው እንዳይዘለል እንጠነቀቃለን። በመጨረሻ ተወዳዳሪው ራሱ አንድ ጥያቄ ይዞ እንዲገባ እናደርጋለን፤ ክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳለው፣ ላቦራቶሪ እንዳለ መጠየቅ ለሥራው ማሰቡን ያሳያል።

ከመካከላችን በቅጥር ኮሚቴ የሚቀመጡም አሉ። ለእነርሱ ታሪኩ ሌላ ምክር አለው። ጥያቄዎቹን አስቀድሞ መጻፍ፣ ለሁሉም እኩል ማቅረብ፣ ነጥብንም ከመመካከር በፊት እየብቻ መጻፍ ይገባል። የገዛ ፊታችንን በተጠያቂው ላይ እንዳናይ ከዚህ የተሻለ መከላከያ የለንም።

እነዚህ ሁሉ ግን ዋናውን አይተኩም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደተባለው፣ የሚያስመሰክረው ሥራ የሌለው ሰው የንግግር ልምምድ አያድነውም። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀመረው በመመረቂያው ሰሞን አይደለም፤ ተማሪው መልስ ሰጥቶ ከመቀመጡ በፊት «እንዴት ደረስክበት?» ብለን በጠየቅነው በመጀመሪያው ቀን ነው። ይህን በዘጠነኛ ክፍል የጀመረ መምህር ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚያስፈልገው ሥራ ጥቂት ይሆንለታል።

ያ ሠልጣኛችን ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ቦታ ተወዳደረ። አሁንም ስለ ራሱ እንዲናገር ተጠየቀ። «በልምምድ ማስተማር ጊዜ 62 ተማሪዎች ነበሩኝ፤ የሒሳብ መጽሐፉ ግን 9 ብቻ ነበር። ክፍልፋይን ለማስረዳት አሮጌ ጋዜጣ እየቆረጥሁ ለእያንዳንዳቸው ሰጠሁ፤ እያጠፉ ግማሹን፣ ሩቡን፣ ስምንተኛውን ራሳቸው አገኙት። ሦስት ልጆች አሁንም ስላልገባቸው በዕረፍት ሰዓት ለብቻ አስቀረኋቸው» አለ። ጠያቂዎቹ ስለ ሦስቱ ልጆች መልሰው ጠየቁት፤ አንዷ እስከ መጨረሻው እንዳልገባት ሳይደብቅ ነገራቸው።

ውጤቱ ሲለጠፍ በተጠባባቂነት ተይዞ ነበር። አንደኛ አልወጣም። ወሬውን ሊነግረን በመጣ ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው መሬት መሬቱን እያየ አልነበረም። «መምህር፣ ያቺን ልጅ ዛሬ ባስተምራት በምን መንገድ እንደምጀምር አስቤዋለሁ» አለን። እኛም ወንበር ስበን «እስቲ ተቀመጥና ንገረን» አልነው።